ባትሪን ከመሥራት በፊት ማስላት



ወሎ ሰፈር መጋጠሚያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ያስተዋለ ሰው፣ ከተማው ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። አንደኛው መንገድ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያልፋል፤ ሁለተኛው በኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ወደ ጎተራ ይወርዳል። በሁለቱም ላይ፣ በሚኒባሱና በአውቶቡሱ መካከል፣ ጭስ የማያወጡና ድምፃቸው የማይሰማ መኪኖች ይመላለሳሉ። ቢዋይዲ አለ፤ የቮልስዋገን አይዲ ፎር አለ፤ የቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስም አለ።

ለውጡ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እገዳ የጣለች የመጀመሪያዋ የዓለም አገር ሆነች። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በዚሁ በቦሌ መንገድ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፈተ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ውኃው ግድቡ ባለበት በጉባ ተርባይን ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩ በሽቦ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በመኪናው ሆድ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ማስቀመጫ ባትሪው ነው። ባትሪው ከውጭ ታሽጎ ይመጣል፤ ታሽጎ ይሠራል፤ በውስጡ ያለውን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

የዚህ ዲስኩር ጉዳይ በዚያ በታሸገው ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር ነው። በዛሬው ዓለም አዲስ የባትሪ ቁስ ምድጃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር ይሰላል። የትኛው አቶም የት እንደሚቀመጥ፣ ሊቲየም በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ ቁሱ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቅ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የሥራቸውም ፍሬ በዓለም መጽሔቶች ታትሟል። ውድ ቤተ ሙከራ ለመገንባት አቅሙ ገና ያልደረሰ አገር ወደዚህ ሳይንስ ሊገባ የሚችልበት ሰፊው በር ስሌት ነው። ይህን ለማየት መነሻው ባትሪው ራሱ ነው።

የሊቲየም አዮን ባትሪ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አኖድና ካቶድ። በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሊቲየም አኖዱ ላይ ኤሌክትሮኑን ይለቃል። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ ሞተሩን ያሽከረክራል፤ የቀረው የሊቲየም አዮን በፈሳሹ ውስጥ አልፎ ካቶዱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ከኤሌክትሮኑ ጋር ይገናኛል። ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም በመጣበት ይመለሳል። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ባትሪ ካቶዱ የሊቲየምና የኮባልት ኦክሳይድ ነበር። ያን ቁስ ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቻቸው በ1980 ኦክስፎርድ ላይ ለባትሪ አብቅተውታል። ጉዲናፍ ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ዕድሜያቸው 97 ነበር።

ኮባልት ውድ ነው፤ አብዛኛውም የሚወጣው ከኮንጎ ነው። ስለዚህ የጉዲናፍ ቡድን በ1997 ቴክሳስ ላይ ሌላ ካቶድ አቀረበ፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት። ብረትና ፎስፈረስ ርካሽ ናቸው፤ በብዙ አገርም ይገኛሉ። ቢዋይዲ በ2020 ብሌድ ብሎ ያስተዋወቀው ባትሪ ከዚህ ቁስ የተሠራ ነው፤ ወሎ ሰፈር መብራት ላይ ከሚቆሙት ቢዋይዲዎች ብዙዎቹ የሚነዱት በእሱ ነው።

ቁሱ እንደ ተገኘ ግን ብዙ ሰው ተስፋ አልጣለበትም። ኤሌክትሮን በውስጡ በጭንቅ ያልፋል፤ ቻርጅ ማድረግም ማስወጣትም በጣም ዝግ ያለ ነበር። ሁለት መድኃኒት ተገኘለት። አንደኛው እያንዳንዱን ቅንጣት በስስ ካርቦን መሸፈን ሲሆን፣ ይህ ለኤሌክትሮኑ መንገድ ከፈተ። ሁለተኛው ቅንጣቱን ወደ ናኖሜትር ማሳነስ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ማሳነሱ ውጤቱን እጅግ አሻሻለው። ለምን ያን ያህል እንዳሻሻለው ግን ለመረዳት ስሌት አስፈለገ።

በ2004 ዴን ሞርጋን፣ አንቶን ቫን ደር ቬንና ገርብራንድ ሲደር ሊቲየም በዚህ ክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር አሰሉ። መልሱ ጥርት ያለ ነበር። ሊቲየም የሚያልፈው በአንድ አቅጣጫ በተዘረጉ ቀጫጭን ቦዮች ብቻ ነው፤ ከአንዱ ቦይ ወደ ጎን ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልገው ጉልበት እጅግ ከፍተኛ ነው። በዚያን ጊዜ ይህን በዓይን ያየ ሰው አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በጃፓን የሺንኢቺ ኒሺሙራና የአፅዎ ያማዳ ቡድን የቁሱን ዱቄት አሙቆ በኒውትሮን ሲመረምረው፣ የሊቲየሙ መንገድ ልክ በስሌቱ እንደ ተነገረው በቦዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ታየ።

የቅንጣቱ ማነስ ጥቅም የተገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው ጎዳና አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ መታጠፊያም የሌለው ቢሆን፣ መሀል ላይ የተበላሸ አንድ የጭነት መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። በክሪስታሉ ውስጥ የጭነት መኪናው ያለቦታው የተቀመጠ የብረት አቶም ነው። ሲደርና ባልደረቦቻቸው በ2010 እንዳሳዩት፣ ትልቅ ክሪስታል ውስጥ ቦዩ ረጅም ስለሆነ ሁለትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ እንቅፋቶች ይኖሩበታል፤ በመካከላቸው ያለው ሊቲየምም ታስሮ ይቀራል። ናኖ ቅንጣት ውስጥ ግን ቦዩ አጭር ነው። እንቅፋት ላይኖረው ይችላል፤ ቢኖረውም አንድ ነው፤ ሊቲየሙም በክፍቱ ጫፍ ይወጣል።

በዚህ ላይ የርቀቱ ጉዳይ ይታከላል። አንድ አዮን በጠጣር ውስጥ ለመጓዝ የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱ ካሬ ያድጋል። የቅንጣቱ ስፋት ከአንድ ሺህ ናኖሜትር ወደ ሃምሳ ሲወርድ ርቀቱ 20 ጊዜ ይቀንሳል፤ ጊዜው ግን 400 ጊዜ ያጥራል። የገጽ ስፋትም እንዲሁ ይለወጣል። ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጽ ስፋቱ ስድስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያው ኩብ ጎናቸው አሥር ናኖሜትር ወደሆነ ጥቃቅን ኩቦች ቢከፋፈል የገጾቹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ስፋት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፈሳሹ ጋር የሚነካካው ገጽ ሲበዛ ያልተፈለገ የኬሚካል ለውጥም ይበዛል። ስለዚህ ማሳነስ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ እስከ ምን ድረስ እንደሚያዋጣ መመዘን ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እንዴት ይሰላል? በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር ኤሌክትሮኖች የሚመሩበትን ቀመር ጻፉ። ቀመሩ ለሃይድሮጂን አቶም በወረቀትና በእርሳስ ይፈታል፤ ሌላው ሁሉ ያስቸግራል። አንድ የብረት አቶም 26 ኤሌክትሮኖች አሉት። የእያንዳንዱ ቦታ በሦስት ቁጥር ስለሚነገር በጠቅላላው 78 ተለዋዋጮች ይኖራሉ። እያንዳንዱን ተለዋዋጭ በአሥር ነጥብ ብቻ መመዝገብ ቢፈለግ፣ የሚመዘገበው ቁጥር ብዛት ከ1 ቀጥሎ 78 ዜሮ ይሆናል። ይህን የሚይዝ ኮምፒውተር የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የተነገረው ስለ አንድ አቶም ብቻ መሆኑም አይረሳ፤ የካቶድ ስሌት ግን መቶና ሁለት መቶ አቶሞችን ይጠይቃል።

መውጫውን ያገኙት ዋልተር ኮን ናቸው። ኮን በ1923 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1939፣ በ16 ዓመታቸው፣ ናዚዎችን ከሚሸሹ ሕፃናት ጋር ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ወላጆቻቸው አውሽቪትስ ላይ ተገደሉ። ይህ ስደተኛ በ1964 ከፒየር ሆኸንበርግ ጋር፣ በ1965 ደግሞ ከሉ ሻም ጋር ያሳተሟቸው ሁለት ጽሑፎች የዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዎሪ መሠረት ሆኑ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የአንድን ቁስ ዝቅተኛ ኃይል ለማወቅ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን መከታተል አያስፈልግም። በየቦታው ያለው የኤሌክትሮኖች እፍግታ ከታወቀ በቂ ነው። እፍግታ ደግሞ የሚነገረው በሦስት ተለዋዋጮች ብቻ ነው። ኮን በ1998 ከጆን ፖፕል ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ተመራማሪው በተግባር የሚያደርገው እንዲህ ነው። የአቶሞቹን ዓይነትና ቦታ ለፕሮግራሙ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ ጠቅላላ ኃይላቸውን ያሰላል፤ አቶሞቹ ዕረፍት እስኪያገኙ ድረስም ቦታቸውን ያስተካክላል። ከዚያ ሊቲየሙ ይወጣና ስሌቱ ይደገማል። በሁለቱ ኃይሎች መካከል ካለው ልዩነት የባትሪው ቮልቴጅ ይገኛል። ቀጥሎ አንድ ሊቲየም ከነበረበት ወደ ጎረቤቱ ቦታ ቀስ በቀስ ይገፋል፤ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ከፍተኛ የኃይል ጉብታ አዮኑ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚጓዝ ይናገራል። ባትሪው ምን ያህል ኃይል ይይዛል፣ በምን ፍጥነት ይሞላል፣ ቁሱስ ሳይፈርስ ይቆያል ወይ የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በዚህ መንገድ የመጀመሪያ መልሳቸውን ያገኛሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለቦሌ ሰፈር ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች ላይ የሊቲየምና የኮባልት ባትሪዎች በመቃጠላቸው፣ በዓለም ያሉት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። ባትሪው በጠንካራ ሣጥን ተከልሎ፣ ጭስ ማስወጫም ተበጅቶለት እገዳው ሲነሣ፣ መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን ግን ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረ፣ ማንም ያልተሳፈረበት የኢትዮጵያ ድሪምላይነር በኋለኛው ጣሪያው በኩል ተቃጠለ። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት ዋናው ባትሪ ላይ አልነበረም፤ አደጋ ሲደርስ ምልክት በሚልከው መሣሪያ ውስጥ ያለች፣ ቻርጅ የማትደረግ ትንሽ የሊቲየምና የማንጋኒዝ ባትሪ ላይ እንጂ። ሽቦዎቿ በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው እርስ በርስ ተነካክተው ነበር፤ የአንዷ ሴል ሙቀትም ወደ ሌሎቹ ተዛመተ።

ሙቀት ከሴል ወደ ሴል እንዴት እንደሚዛመት የመሐንዲሶች ጥያቄ ነው። ካቶዱ ሲሞቅ ምን ይሆናል የሚለው ግን የአቶም ጥያቄ ነው። የሲደር ቡድን ከ2007 ጀምሮ ባወጣቸው ስሌቶች ይህን መርምሯል። ቻርጅ የተደረገ የኮባልት ወይም የኒኬል ኦክሳይድ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል፤ ኦክስጅኑም ከሚቃጠለው ኤሌክትሮላይት ጋር ይገናኛል። በአይረን ፎስፌት ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር ጠብቆ ስለታሰረ በቀላሉ አይወጣም። በ2010 ሹዌ ፒንግ ኦንግና ባልደረቦቻቸው አንድ እርምጃ ቀጠሉ። በብረት ምትክ ማንጋኒዝ ቢገባ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ኦክስጅኑ ዝቅ ባለ ሙቀት መውጣት እንደሚጀምር በስሌት አሳዩ። ዛሬ ብረትና ማንጋኒዝ የተቀላቀሉበት ካቶድ ወደ ገበያ እየገባ ነው። መኪና አስመጪም፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

በዚህ መስክ ከሚጠሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር የድልፋና ሰጣርጌ መኮንን ናቸው። የዶክትሬት ሥራቸውን በዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ ሆነዋል። ያተኮሩበት የሊቲየምና የአየር ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ካቶዱን ተሸክሞ አይዞርም፤ ኦክስጅንን ከአየር ይወስዳል። በንድፈ ሐሳብ በኪሎ ግራም 3,500 ዋት ሰዓት ገደማ መያዝ ይችላል፤ ዛሬ በመንገድ ላይ ካሉት የመኪና ባትሪዎች አብዛኞቹ በጥቅላቸው 200 እንኳ አይደርሱም። ችግሩ የሚወሰደው አየር ንጹሕ ኦክስጅን አለመሆኑ ነው።

በ2014 የድልፋና፣ ቴይስ ቬገና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባትሪው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ጽሑፍ በስሌትም በሙከራም አቀረቡ። ባትሪው ሲሠራ ሊቲየም ፐርኦክሳይድ የሚባል ጠጣር በካቶዱ ላይ ያድጋል፤ ገጹም ደረጃ ደረጃ አለው። ስሌቱ እንዳሳየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያርፈው በደረጃው ሥር ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ አንዴ ካረፈም አይንቀሳቀስም። እድገቱ የሚቀጥልበትን ቦታ ይዘጋል፤ የጠጣሩን ቅርጽ ይለውጣል፤ መልሶ ቻርጅ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅም ከፍ ያደርጋል። በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ይኸው ነገር ገና በአንድ በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታየ፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ባትሪው ከፍተኛ አቅም አጣ። ተራ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ በጣም ያንሳል፤ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። ያም ሆኖ አየር እየሳበ ለዓመታት እንዲሠራ የሚታሰብ ባትሪ ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅም ይኖራል። ስለዚህ ይህ ባትሪ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እንደ ቦሌ ባለ መንገድ ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ ማጣሪያ የግድ ይሆናል።

ኃይልን ከማከማቸት ወደ መለወጥ ሲታለፍ የሚጠራው ስም ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ታላቁ የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ጥይት ቆስለው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ አባት በሚኒሶታ የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ፣ ልጅ ኤም.አይ.ቲ. ገብተው የቁሳቁስ ሳይንስ ተማሩ። ዛሬ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ።

ሶስና የታወቁበት ሥራ ፊውል ሴል ነው፤ ሃይድሮጂንን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ። የተለመደው ፊውል ሴል ፕሮቶን የሚያሳልፍበት ፕላስቲክ ውኃ ካልያዘ አይሠራም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ ብዙም ማለፍ አይችልም። ሶስናና ባልደረቦቻቸው በ2001 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ በምትኩ ጠጣር አሲድ አቀረቡ፤ ሲዚየም ሃይድሮጂን ሰልፌት። ይህ ጨው 141 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ውስጡ ይለወጣል፤ ያለ ምንም ውኃም ፕሮቶን በፍጥነት ያሳልፋል።

ምን ተለወጠ? በ2005 ሶስናና ካልቴክ ያሉ ባልደረቦቻቸው፣ ከእነሱም አንዱ ዊልያም ጎዳርድ፣ ጨውን በኮምፒውተር እየሞቀ እንዲሄድ አደረጉት። በስሌቱ ውስጥ ሆን ብለው እያንዳንዱን ፕሮቶን ከራሱ ኦክስጅን ጋር አሰሩት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘል አልፈቀዱለትም። ለውጡ ግን መጣ። ስለዚህ ጨውን የሚለውጠው የፕሮቶኑ መዝለል አይደለም፤ ሲሞቁ በቦታቸው እንደ ልብ መዞር የሚጀምሩት የሰልፌት ቡድኖች ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቤተ ሙከራ መመለስ አይቻልም፤ ፕሮቶን አትንቀሳቀስ ተብሎ የሚታዘዘው በስሌት ውስጥ ብቻ ነውና።

አዲስ አበባም ከዚህ ሥራ የራቀች አይደለችም። የአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ስትራክቸር ስሌት ትምህርት ቤት፣ አሴስማ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ ከ2010 ጀምሮ በአህጉሪቱ ከተሞች እየተዘዋወረ ወጣት ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል፤ በ2018 ተማሪዎቹን የተቀበለችው አዲስ አበባ ነበረች። ከደጋፊዎቹ አንዱ አብዱስ ሰላም በ1964 ትሪየስት ላይ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ተማሪዎች የሚሠሩበት ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። ዴንማርክ ላይ የተሠራው ጂፓውም እንዲሁ ነፃ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ቁሶች ተሰልተው የተቀመጡበት ማቴሪያልስ ፕሮጀክት የተባለው የበርክሊ መዝገብ ከ2011 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ለቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚሊዮኖች ዶላር ሲገዛ፣ ይህን መስክ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥሩ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና የኳንተም ፊዚክስ ዕውቀት ነው።

መጀመር ቀላል ይሁን እንጂ መቀጠል አቅም ይጠይቃል። በተለመደው ስሌት የአቶሞች ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የሥራው ብዛት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሃምሳ አቶም በዴስክቶፕ ይሠራል፤ አምስት መቶ አቶም ያለው ናኖ ቅንጣት ግን ሱፐር ኮምፒውተር ይፈልጋል። ስሌቱ ለቀናት በሚሄድበት ጊዜ መብራት ቢቋረጥ ፕሮግራሙ ካስቀመጠው ምዕራፍ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምዕራፍ ማስቀመጥ ያልለመደ ተማሪም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። ኬፕ ታውን ላይ ያለው የደቡብ አፍሪካ የከፍተኛ ስሌት ማዕከል ለሌሎች አፍሪካውያን ተመራማሪዎችም በሩን ከፍቷል፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የናኖቴክኖሎጂና የዘላቂ ኃይል የልህቀት ማዕከላት አሉት። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው ትንሽ ማሽን ከሚገዛ፣ ሁሉም በአንድነት የሚጠቀሙበት፣ መብራቱ የተረጋገጠ አንድ ትልቅ ማሽን ቢኖር ለተማሪው የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስሌት ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። የእፍግታ ስሌት የኦክስጅን ሞለኪውልን ጥንካሬ አጋንኖ ይገምታል፤ ስለዚህ በአየር ባትሪ ጥናት ላይ እርማት ያስፈልገዋል። ኤሌክትሮን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ኃይል ደግሞ አሳንሶ ያሳያል። የአቶሞችን እንቅስቃሴ መከታተል የሚችለውም ለእጅግ አጭር ጊዜ ነው፤ ባትሪ ግን አሥር ዓመት ማገልገል አለበት። ማይክሮሶፍትና በአሜሪካ የሚገኘው የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2024 መጀመሪያ ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስሌት 32 ሚሊዮን ዕጩ ቁሶችን ወደ 18 አጥብበዋል። ሊቲየምን በብዙ ሊቀንስ የሚችለው አንዱ ዕጩ የተረጋገጠው ግን በእጅ ተሠርቶ፣ በባትሪ ውስጥ ገብቶ ከተሞከረ በኋላ ነው። ስሌት የሚፈለግበትን ሜዳ ያጠብባል፤ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ምድጃው ነው። የድልፋናና የሶስና ሥራዎች ክብደት ያገኙት ሁለቱን ስላጣመሩ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ማጣመር የሚጀመርበት ቦታ የቅርብ ነው። በጉጂ ዞን ቀንጢቻ ላይ ታንታለም ሲወጣበት በኖረው ዐለት ውስጥ ሊቲየም ያለበት ስፖዱሚን አለ። ከሊቲየም ባሻገር ደግሞ ሶዲየም አለ፤ የቻይናው ሲኤቲኤል በ2021 የሶዲየም አዮን ባትሪውን ይፋ አድርጓል። ሶዲየም የጨው ግማሽ አካል ነው፤ የአፋር ረባዳም የጨው አገር ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። ለሊቲየም አኖድ የሚሆነው ግራፋይት ለሶዲየም አይሆንም። ብዙዎች ምክንያቱ የሶዲየም መግዘፍ ብቻ ነው ብለው ነበር። ጎዳርድና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባወጡት ስሌት ግን ዋናው ምክንያት ሶዲየም ከካርቦኑ ጋር የሚፈጥረው ትስስር ሊቲየምን ጨምሮ ከሌሎቹ የአልካሊ ብረቶች ይልቅ ደካማ መሆኑን አሳዩ።

በዚህ ምክንያት የሶዲየም ባትሪ ሌላ ዓይነት ካርቦን ይጠቀማል። ንብርብሩ የተዘባረቀ፣ በውስጡም በናኖሜትር የሚለካ ቀዳዳ የበዛበት ጠንካራ ካርቦን ነው። የሚሠራው ከዕፅዋት ተረፈ ምርት አየር በሌለበት ምድጃ በማክሰል ነው፤ የቡና ገለፈትም ከሚሆኑት አንዱ ነው። ጅማና ሲዳማ ውስጥ በየቡና መፈልፈያው ተከምሮ ወንዝ የሚበክለው ገለፈት ለዚህ ምርምር የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ሶዲየም በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ በትክክል እንዴት እንደሚከማች ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ቀዳዳው ስንት ናኖሜትር ሲሆን ብዙ ሶዲየም ይይዛል? በካርቦኑ ውስጥ የቀረ ኦክስጅንና ፖታሲየም ይረዳል ወይስ ይጎዳል? በስንት ዲግሪ ቢከስል ይሻላል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዛሬውኑ በነፃ ፕሮግራም፣ በመቶ አቶም ሞዴል፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ሊጀምራቸው የሚችሉ ናቸው። ሦስተኛው አንድ ምድጃ፣ ጥቂት ኪሎ ገለፈትና የባትሪ መፈተሻ መሣሪያ ይጠይቃል፤ እነዚህን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ስሌት ከሚሠራው ተማሪ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል።